የአባዬ ላፕቶፕ ሰዓት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018፤ ሆሳዕና

ዛሬ የአባዬን ላፕቶፕ ከጥገና ቤት አመጣሁት። አባዬ ከሞተ ወዲህ በከፈትኩት ቁጥር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር። ጠጋኙ ሳሙኤል ባለፈው ሳምንት "ኦሪጅናል ሲዲው አለሽ?" ሲለኝ፣ አባዬ ጊምቢቹ ሲያስተምር ያገለገለ እንደገዛው፣ ሲዲ የሚባል ነገር አይተን እንደማናውቅ ነገርኩት። "ችግር የለም፣ በፍላሽ ዊንዶው እጭንበታለሁ" አለኝ።

ጭኖበታል። አባዬ የጻፋቸውን ስብከቶች አስቀድሞ ኮፒ አድርጎ መልሷቸዋል፤ አንድም አልጠፋም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ልወጣ ስል "እህቴ፣ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ አስተካክዬልሻለሁ" አለኝ።

ቀርቶ አይደለም። ወደኋላ የመለሰው አባዬ ራሱ ነው። "እኛ ቤት እስካለ ድረስ በእኛ ሰዓት ይቁጠር" ብሎ። ይህን ለሳሙኤል ማስረዳት ደከመኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ስብከቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኩላት።

"አባትሽ እንደተወው ነው?" አለችኝ።

"እንደተወው ነው" አልኳት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እማዬ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ጥግ ዘረጋች። ሦስት ሰዓት ይላል።

"ይሄ የማን ሰዓት ነው?" አለች።