ጨው አይተንም

ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም «ምንም አልል» እያልሽ ትሸነግዪናለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷ በቀለላት? በሠርጌ ማግስት «አንቱ እያልሽ አታስረጂኝ» ብለሽ ከተቆጣሽኝ ወዲህ አንቺ ማለት ለምጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዕር ሳነሳ እጄ ወደ አንቱ እያዳላ አስቸገረኝ። ሰው የከበደው ነገር ሲኖር ታላቅ ያሻዋል መሰለኝ።

እኛ አለን። በስልክ በደወልሽ ቁጥር «ደኅና ነን፣ ደኅና ነን» እያልኩ የማቻኩልሽ ወንድምሽ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። አሁን ዳቦ ሊገዛ ወጥቷልና እስኪመለስ የሆዴን ልጻፍልሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ከገንዳው ልጀምር።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ቡፌዬን ከሳሎን አስወጥቶ፣ መኝታ ቤት አጉሮብኝ፣ በቦታው ያን የመስታወት ገንዳ ሲገትረው ታስታውሻለሽ። ዕድሜ ልኩን የሰው ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ሞተርና ቱቦ ሳይነካካ መዋል አይሆንለትም። ፓምፑን፣ ማሞቂያውን፣ ማጣሪያውን ሁሉ ራሱ ገጣጠመ። ከዚያ ጨው በውኃ በጥብጦ ሞላው፣ ድንጋይ ደረደረበት፣ ሰማያዊ መብራት ሰቀለለትና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ዓሣ የለ፣ ምን የለ። ገና ነው፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት መራባት አለባቸው፣ እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል እያለ ሳምንት በሳምንት ላይ አስቆጠረን። አንቺ መጥተሽ ያን ባዶ ገንዳ ስታዪ «ወንድሜ ውኃ ማርባት ጀመረ» ብለሽ እስክትወድቂ ሳቅሽ። እሱ አኩርፎ ምሳውን ተወ። እኔ ሳቄን አፍኜ ሳህኑን አነሳሁ።

በኋላ ግን የማታ ማታ አመጣቸው። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ መስታወቱን እየላሱ የሚያጸዱ ቀንድ አውጣዎች፣ ከሁሉም በላይ ኮራል የሚላቸውን የባሕር ፍጥረቶች። ሲያዩዋቸው ድንጋይ ይመስላሉ እንጂ ነፍስ ያላቸው ናቸው፤ መብራቱ ሲበራ ጣት ጣት የሚያህል ሥጋቸውን አውጥተው ይወዛወዛሉ፣ ውኃው ካልተስማማቸው ደግሞ ሰብስበው ይሸሸጋሉ። እኔ መጀመሪያ ጣውንት መጣብኝ ብዬ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያ ፊት የምገተረው እኔው ሆንኩ።

ጨው መመጠን ደግሞ የእኔ ሙያ ነው፤ የሆስፒታል ማብሰያ ቤት ውስጥ ጨው የተከለከለ በሽተኛ ስመግብ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ጣቴን ነክሬ ቀመስኩና «ጨው በዝቶበታል» ስለው ሊያብድ ደረሰ። ምላስሽ ለበሽተኛ እንጂ ለኮራል አይሆንም ብሎ፣ የጨው መለኪያው ላይ ጠብታ አንጠባጥቦ ወደ ብርሃን እያስያዘ አሳየኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በቀር ማንም እጁን ወደዚያ ውኃ እንዳያስገባ ሕግ ወጣ። እኔም በቤቴ ሕግ አክባሪ ሆኜ ኖርኩ።

አሁን እትዬ፣ አንድ ነገር ልብ በዪልኝ። ከገንዳው ውኃ በየቀኑ እየተነነ ይጎድላል። የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው በተጣራ ውኃ ነው። የባሕር ውኃ ስለሆነ በባሕር ውኃ ይሞላ ያለ ሰው፣ ጨው በጨው ላይ እየጫነ ሁሉንም ይፈጃቸዋል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስንቱ እየደወለ ኮራሌ ተዘጋብኝ ሲለው «ጨው አይተንም ጌታዬ፣ ጨው አይተንም!» እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ከታች ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ሳይቀሩ ነገሩን ይዘውት፣ በሰላምታ ፈንታ «ጨው አይተንም» ብለውት ያልፉ ነበር።

ሁለት ጄሪካን አለን። ነጩ የተጣራው ነው፤ ሰማያዊው ጨው የተበጠበጠበት፣ በሳምንት አንዴ ከአሮጌው ቀድቶ አዲስ ሲቀይር የሚጠቀምበት። አንድ ጠዋት ከሰማያዊው እየቀዳ የጎደለውን ሲሞላ አየሁት። እጁ ስቶ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። ይሄ ሰማያዊው አይደለም ወይ ስለው ዞር ብሎ እንደ ሞኝ አየኝና፣ የባሕር ውኃ በምን ይሞላል ታዲያ አለኝ። ረጋ ብሎ ነው ያለኝ። ለጀማሪ እንደሚያስረዳ ሰው።

ቁልፍ ሲጠፋው እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ምድጃ ለኩሶ ሲረሳ፣ እኔም እረሳለሁ ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ይህን ግን ምን ብዬ ልለፈው? እሱ ይህን ከረሳ የራሱን ስም ረሳ ማለት ነው።

ለምን አልነገርሽውም ትዪኝ ይሆናል። ነገርኩት። መጀመሪያ ጮኸብኝ። ቀጥሎ መለኪያውን አንስቶ አየ፤ ጨውነቱ ከልኩ አልፎ ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ መለኪያውን በጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። በማግስቱ ደግሞ ከሰማያዊው ሞላ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እንደገና ላመጣበት አቅም አጣሁ።

ሰማያዊውን ጄሪካን ደበቅኩት። መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ አዲስ በጠበጠ። «ለመሙያ ነጩ ብቻ» ብዬ ገንዳው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ዕቃዬ ላይ ማነው የሚጽፍብኝ ብሎ ገነጠለው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ለእሱ ፈገግ እያለ ለእኔ ሌላ ነገር ነገረኝ፣ ኪኒንም አዘዘ፤ ኪኒኑ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። በስልክ ያልነገርኩሽ ይህንን ነው።

ሲጨንቀኝ ዓሣ ሻጩን ጠርቼ ና ሁሉንም ውሰድልኝ አልኩት። ባልዲዎቹን ይዞ መጣ። ወንድምሽ እንግዳ መጣልኝ ብሎ ወንበር ሳበለት፤ እያንዳንዱን ኮራል በስሙ እየጠራ፣ መቼ ስንጥር አክሎ እንደገባና ምን ያህል እንዳደገ አንዲት ሳይስት ተረከለት። ስለ ብርሃን፣ ስለ ውኃው ግፊት ሻጩ የማያውቀውን ሁሉ ነገረው። ሰውየው ባዶ ባልዲዎቹን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ጠጋ ብሎኝ፣ እኚህ ሰው ምንም አልሆኑም እኮ፣ ምን አድርገውዎት ነው ከሚወዱት ነገር የሚለዩዋቸው አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔ ጭራሽ የማደርገው አጣሁ።

እና ይኸውልሽ ሥራዬ። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ የውኃ ጎማ አስገብቼ ጨዋማውን በባልዲ እቀዳለሁ፣ በምትኩ ከነጩ እጨምራለሁ። ቀስ እያልኩ ነው፤ ለውጡ ድንገት ከሆነባቸው ያም ይገድላቸዋል። መለኪያውን እንደ እሱ ወደ መስኮት አንስቼ ማየት ተማርኩ። እሱ ጨው ያበዛል፣ እኔ እቀንሳለሁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ገንዳ ላይ ተቃራኒ ሥራ ይዘን እንውላለን። ለክቶ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ደስታው ለጉድ ነው። የእኔ ገንዳ ወለም ዘለም አያውቅም እያለ ለልብስ ሰፊው ሲያወራ ሰምቼ ልኩራ ልዘን አላወቅኩም።

ባለፈው ብርድ መትቶኝ አልጋ ላይ በዋልኩባቸው ቀናት የሚቀንስለት አልነበረም። ስነሳ ኮራሎቹ ግማሾቹ እንደ አጥንት ነጥተዋል። ከሁለቱ ዓሦች አንዱ ተንሳፍፎ ነበር። ወንድምሽ በመረብ አወጣውና መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ይህን ልጅ ማነው የጎዳብኝ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንጃ አልኩት።

ዳቦ ቤቱም እየራቀበት ነው። ሰሞኑን ልብስ ሰፊው ክንዱን ደግፈው አመጡትና፣ መንገድ ላይ ተገናኝተን ጨዋታ ይዞን ነው አሉኝ። ዳቦ አልያዘም። ያችን ቀልዳቸውን ከዚያ ወዲህ ተናግረዋት አያውቁም።

እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ወሸቅኩት። የቀረውን ቀጥዬ የምጽፍልሽ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ በመካከል የሆነውን ስሚኝ።

ትናንት ሳልጠብቀው ቶሎ ተመለሰ። ጎማውን በአፌ እየሳብኩ ሳለሁ ነው ከነኮቱ በላዬ የቆመው። አፌ ጨዋማ ውኃ ሞልቶታል፤ አልውጠው፣ አልተፋው፣ አልናገር። ነጩን ጄሪካን አየ። ባልዲውን አየ። አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። መለኪያውን አነሳ፣ ጠብታ አደረገበት፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ውኃውን ባልዲው ውስጥ ተፋሁና ብዙም አልሆነ አልኩት።

አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጨው አይተንም አይደል ሲል ጠየቀኝ። ፈተና እንደሚፈራ ተማሪ ነው የጠየቀኝ እትዬ። አይተንም አልኩት። ጎማውን ከእጄ ወስዶ ያዘልኝ፣ እኔ ከነጩ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። እንደዚያ ተጋግዘን ጨረስን። ፎጣ አምጥቶ እጄን አደረቀልኝ። ከዚያ፣ ለእትዬ ጻፊላት፣ ቶሎ ትምጣ፣ ዛሬ ነገ አትበል፣ ሳልረ... ብሎ ተወው። ቀሪውን አልጠየቅኩትም።

ሌሊቱን ተስፋ አደረብኝ። ያወቀውን አብረን እንሸከመዋለን፣ ከእንግዲህ መደባበቅ የለም ብዬ ደስ እያለኝ ተነሳሁ። ዛሬ ጠዋት ከሰማያዊው ሲሞላ አገኘሁት። የትናንቱ የለም። እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሰው።

ስለዚህ ነይ። የሚስተካከል ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው። አንዳንድ ጠዋት ጎማውን እንደያዝኩ ለማን ብዬ ነው እላለሁ። ከዚያ እሱ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ አያለሁና እቀጥላለሁ። ስትመጪ ውኃውን አስተምርሻለሁ፤ አይከብድም፣ አንቺ ሳትስቂ ከተማርሽ ማለቴ ነው።

ይህን ስጽፍ መጥቶ አጠገቤ ቆሟልና አሁን መደበቅ አልሆነልኝም። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለእህትህ አልኩት። ፊቱ በራ። በጣም ናፍቃኛለች በያት፣ ሰላም በዪልኝ አለ። ወንበሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጣና፣ እማዬንም ሰላም ትበልልኝ፣ ጤናዋን ትጠይቅልኝ አለ። እንዳለኝ ጻፍኩ። የሬሳ ሣጥኗን ጎን ለጎን ሆናችሁ ያወረዳችሁት አንቺና እሱ ናችሁና፣ ሰላምታውን እንዴት እንደምትቀበዪለት አንቺ ታውቂያለሽ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ቤትሽን ይጠብቅልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ሳይመሽብንም ያድርስሽ።

ወንድምሽን ያገባችው ታናሽ እህትሽ