በሌለሁበት የተፈረደብኝ ፍርድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለህሊና፣ ቤይሩት

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ ወይ? አሠሪሽ የእረፍት ቀንሽን መስጠት ጀመረች? እኔ፣ ባለቤቴ ሸዋዬና ልጃችን አክሊሉ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን። ናፍቆትሽ ግን አልቻል ብሎናል።

የውሃ ፓምፑን ነገር በስልክ ቆራርጬ ነበር የነገርሁሽ፤ አሁን በወጉ ልጻፍልሽ። ወልድያ ካለው ነጋዴ ከዓሪፍ በዱቤ ገዝቼ፣ ከቀረብኝ ሠላሳ ሺህ ብር አሥራ ስምንቱን ከፍያለሁ። ደረሰኙም እጄ ላይ ነው። ሰውየው ግን ሠላሳውን እንዳለ ከሰሰኝ። መከሰሴን ያወቅሁት በጥር ወር የፍርድ አፈጻጸም ሰዎች ማሳዬ ድረስ መጥተው፣ በሌለህበት ተፈርዶብሃል፣ ፓምፑን ልንወስድ ነው ሲሉኝ ነው። ሽንኩርቱ ገና አልደረሰም። ፓምፑ ከሄደ የዓመቱ ልፋታችን እዚያው ደርቆ ሊቀር ነው። ያን ቀን እህል ባፌ አልዞረም።

መርሳ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጁነይድ፣ ፍርዱን ባወቅህ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ማለት ትችላለህ፣ ያልቀረብህበትን ምክንያት ግን ማስረዳት አለብህ አለኝ። መዝገቡ ሲታይ መጥሪያው ቤታችን ደርሷል፤ ከሥሩ የጎረቤታችን የእትዬ መሪማ የጣት አሻራ አለበት። ሄጄ ብጠይቃቸው ከሳጥናቸው እንደታጠፈ አወጡልኝ። ሳይሰጡኝ ውርጌሳ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ሄደው በዚያው ረስተውታል። እኔ በዚህ ዕድሜያቸው ዳኛ ፊት ማቆሙ ሲከብደኝ፣ እርሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ባጃጅ ውስጥ ቀድመውኝ ገቡ።

ፍርዱ ተነሥቶልኛል። ፓምፑም ክርክሩ እስኪያልቅ እጄ ይቆያል። መጋቢት አሥራ አምስት ደረሰኜን ይዤ እቀርባለሁ፤ የቀረውን አሥራ ሁለት ሺህ መቼም አልካድሁም። ፍርዱ የተነሣው ግን እትዬ መሪማ በሰጡት መልስ ነው። ዳኛዋ ወረቀቱን ለምን እንደደበቁት ሲጠይቋቸው፣ ወላሂ እናቱን ቀብሮ በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን የክስ ወረቀት የምሰጥበት አንጀት የለኝም፣ ሐዘኑ ይውጣለት ብዬ ነው አሉ።

አዎ፣ ህሊናዬ። እናታችን ጥቅምት አሥራ አራት ቀን አርፋለች። ስትደውዪ ጸበል ሄዳለች፣ ተኝታለች እያልሁ ከአራት ወር በላይ ዋሸሁሽ። ሰው አገር፣ የሚደግፍሽ በሌለበት እንዳትሰሚው ፈርቼ ነው። እትዬ መሪማን ልቆጣ ስል የራሴ ሥራ ታየኝና አፈርሁ። እኔ ከቀጠሮ መቅረቴ በማመልከቻ ተቃናልኝ፤ አንቺ ከእናትሽ ቀብር የቀረሽበትን ግን በምን እንደማቃናው አላውቅም። ይቅር በዪኝ።

ደብዳቤውን ለእረፍት መጥታ በነበረችው በጓደኛሽ በገነት እጅ የላክሁት እርሷ አጠገብሽ እያለች እንድታነቢው ብዬ ነው። ስታነቢው አትሄድም፤ እዚያው ታድራለች።

ሸዋዬ በብርቱ ሰላም ብላሻለች። አክሊሉም አክስቴን ሳምልኝ ብሏል። እትዬ መሪማ ሰላምታቸውን አድርሰው፣ አገርሽ የገባሽ ቀን ድንኳኑ ላንቺ እንደገና ይተከላል፣ ሁላችንም አብረንሽ እንቀመጣለን ብለውሻል።

ወንድምሽ አበባው
መርሳ፣ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.