የሽኩር እግር

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

መብራት የለም። መብራት ከሌለ ብየዳ የለም። ስለዚህ አንተ ወረቀት፣ ዛሬ ካንተ ጋር ነኝ። ቧንቧው ተቆርጦ ተደርድሯል፤ የቡታጅራ መብራት ደስ ሲለው ይምጣ።

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ፈቲያ ትጽፋለች። ቴክኒክ ኮሌጅ ንድፍ ታስተምራለች፤ እጇ ፈጣን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ላሳምርልህ ብላ ቃል እንዳትቀይር ነግሬያታለሁ። ስትቀይር ፊቷ ላይ አየዋለሁ።

ባለፈው አርብ ገበያ ያየሁት ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ሴቶች እንሰት ሲፍቁ አንድ እግራቸውን ሰቅለው፣ በተረከዛቸው ልጣጩን ከጣውላው ጋር ይይዙታል። ቀኑን ሙሉ። ወገብ ይሰብራል፤ በሰው ፊትም ደስ አይልም። ያንን እግር ያወረድኩት እኔ ነኝ። የብረት መንጋጋ ሠራሁ፤ ከታች መርገጫ አለው። ስትረግጠው መንጋጋው ልጣጩን ይነክስላታል፣ ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ትፍቃለች። ሰው «የሽኩር እግር» ብሎ ስም አወጣለት። ሽኩር እኔ ነኝ።

አርብ ዕለት አንዲት ሴትዮ ዕቃውን ጋሪ ላይ አስጭና ታልፋለች። ቅርጹ የኔ ነው፣ ብየዳው የኔ አይደለም። የራሴን ብየዳ እንደ ልጄ ፊት አውቀዋለሁ። ከየት ነው አልኳት። የቆሼ እግር ነው አለችኝ። የቆሼ! የማረቆዋ ቆሼ ከበርበሬ ሌላ ምን እግር አላት።

ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም።

(ቀምሷል። ዛሬ ጠዋትም ጨምሯል። ፈቲያ።)

ምን ጻፍሽ ብላት፣ ምንም አለችኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አቶ ተካ የሚባል ሰው መጣ። የቸሃ ልጅ ነው፣ የተወለድኩበት አገር፤ አ.አ. ፋብሪካ አለው። ጫማው ንጹሕ። ወንበሬ ላይ መሐረብ አንጥፎ ተቀመጠ። አልተቀየምኩም፤ ወንበሩ ዘይት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግሩን በስሜ ያስመዘግብልኛል። የፈጠራ ባለቤትነት ይባላል። ማኅተም ያለው ወረቀት፣ ስሜ የተጻፈበት። ከዚያ መብቱን ለሱ እሸጣለሁ። እሱ በፋብሪካ ያመርታል፤ ሌላ ሰው ሲበይደው ከተገኘ ይከሰሳል። የቆሼውስ አልኩ። የቆሼውማ መጀመሪያ አለኝ። ሻይ ጨምሩለት አልኩ።

እኔስ ምን ልሠራ? አርፋለሁ። ሽማግሌ ነዎት፣ ከእሳት ይውጡ አለኝ። ይቺን አልወደድኳትም። ስለ ወረቀቱ ብዬ ዋጥኳት።

የገንዘቡን ልክ አልነግርህም። ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ይብቃህ።

እሺ አልኩ። በአፍ ነው። በሚመጣው ሳምንት አርብ መጥቶ ያስፈርመኛል፤ ያው አውራ ጣቴን ነው። ወረቀት ይኑረኝ እንጂ። ልጆቼ ትምህርታቸውን በወረቀት አስመስክረዋል። እኔ ብቻ ነኝ በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ስሜ ያልተሰቀለ።

ባለቤቴ ዘይነባ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ምንም አላለች። ስትናገር እችላታለሁ። ዝም ስትል ነው ቤቱ የሚጠበኝ።

ኅዳር 5፣ አርብ፣ ምሽት

ቆሼ ሄጄ መጣሁ። ከጁምዓ በኋላ ሚኒባስ ያዝኩ። አስቤ የሄድኩት ላዋርደው ነበር።

የቆሼው በያጅ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙደሲር። እኔው ቤት መዶሻ መጨበጥ የተማረ፣ ከኔው ገበታ የበላ። ደጃፉ ላይ እግሮቹን ደርድሯቸዋል፣ ቀለም ቀብቶ። ቀይ። ለእንሰት መፋቂያ ቀይ ቀለም።

ሲያየኝ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ እጄን ሳመ። አሰላሙ አለይኩም ጋሼ ሽኩር፣ ምነው ሳይነግሩኝ፣ በግ አርድ አልነበር አለ። ሌባ የራሱን በግ አያርድም አልኩት። ሳቀ። የሰፈሩ ሰው ከበበን። ጥሩ፣ እንዲሰሙ ነው የፈለግኩት።

አሁን ጉዱን ስማ። የመጀመሪያውን እግር ስሠራ መንጋጋው የሚታሰርበትን ቋሚ የቆረጥኩት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው። የመኪናው ቀዳዳ ነው፣ ለእንሰት ምንም አይሠራም፤ ያገኘሁት ብረት እሱ ስለሆነ እንጂ። የሙደሲር ቋሚ አዲስ ብረት ነው። ቀዳዳውን ግን በመሰርሰሪያ በስቶታል፣ ልክ በቦታው! ለምን በሳኸው አልኩት።

«እርስዎ ያለ ነገር አይበሱም ብዬ ነዋ።»

ሆዴ ሳቀ። ፊቴን ከለከልኩት።

ከዚያ ከሱ በላይና በታች ሌሎች ቀዳዳዎች አየሁ። እነዚህስ? የማረቆ ሴቶች ናቸው አለ። አንዷ አጭር፣ አንዷ ረጅም። ቀዳዳው ካለ አይቀር ብለው፣ ችንካር ከተው መንጋጋውን ዝቅ ከፍ ማድረግ ጀመሩ። ሲያይ ጊዜ ቀዳዳ ጨመረላቸው። የኔ እግር ለሰው ሁሉ አንድ ቁመት ነው። የሱ ለየሰዉ ይስተካከላል።

የሱ ይበልጣል። ፈቲያ ብዕሯን አንስታ አየችኝ። ጻፊው አልኳት። ይበልጣል።

ስለ አቶ ተካ ነገርኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እንግዲህ ይከሱኛል ማለት ነው አለ። ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል፤ የሚበሉት ከዚህ ብረት ነው። አትከሰስም ሳልለው ለመሄድ ተነሳሁ። ለራሴም አላማረኝ።

ስወጣ አንድ መንጋጋ ከነችንካሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አይተው ይሥሩበት፣ ያው የርስዎ ነው አለ። ልሰድብ ሄጄ ተሸክሜ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው፣ እስከ ቡታጅራ ስነካካው መጣሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከመግሪብ በኋላ

ፈቲያ እግሩን በኮምፒውተሯ ሣለችው፣ የሙደሲርን ቀዳዳዎች ጨምራ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር። የሚገዛ ሰው በግ እንደሚያገላብጥ ታገላብጠዋለች።

ፕሮግራሙ የማን ነው፣ በስንት ገዛሽው አልኳት። አልገዛሁትም፣ የሁሉም ነው አለችኝ። የማይተዋወቁ ሰዎች በየአገራቸው ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ሠሩት፤ ከዚያ ለሰው ሁሉ ለቀቁት። እንግዲያው የማይረባ ነው አልኩ። ኮሌጁ በሙሉ በሱ ነው የሚያስተምረው አለች።

የፕሮግራሙን ውል አስረዳችኝ። ደስ አለኝ። ውሰድ። ተጠቀምበት። ውስጡን ከፍተህ እይ፣ ለውጠው፣ ብትፈልግ ሽጠው። የለወጥከውን ለሌላ ስትሰጥ ግን፣ ክፍት ሆኖ እንደተሰጠህ ክፍቱን ስጥ።

ይህን እንኳ ማንም አያስተምረኝ። ጀፎረ ነው። አንተ ወረቀት፣ ቸሃ ብትወለድ ኖሮ አልደክምም ነበር። ጀፎረ በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚሄደው ሰፊው የሣር መንገድ ነው። ከብቱ ይውልበታል፣ ፈረሱ ይጋልብበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። የማን ነው ብለህ ብትጠይቅ ይስቁብሃል። አንድ ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረው ትንሽ ገፋ ቢያደርግ ግን፣ ያን ቀን ባለቤቱ ስንት እንደሆነ ያያል።

እሺ፣ ሰዎቹ ታዲያ ምን ይበላሉ? ሆድ ውል አያውቅም። የሚከፈላቸው ለሥራቸው ነው ትላለች፤ ለሰው እንደሚሆነው ሲያስተካክሉ፣ ሲጠግኑ፣ ሲያስተምሩ። አሰብኩት። እኔስ የምሸጠው ምንድነው? ብረት፣ ኤሌክትሮድ፣ ክንዴን። ሐሳቡን ሸጬ አላውቅም። ገበያ መሐል ቆሞ ነበር፤ ያየ ሁሉ በዓይኑ ይዞት ሄደ። ደንበኛ ቀረብኝ? አልቀረብኝም። እንዲያውም ሌላ የሠራውን ይዘው ለጥገና እኔ ዘንድ ይመጣሉ፣ አባቱ እሱ ነው እያሉ።

ይህ ሁሉ ልክ። ስሜስ? የቆሼ እግር ሲሉትስ? በዚያ ውል የጀማሪው ስም አይጠፋም አለች፤ ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይሄኔ ዘይነባ አፏን ፈታች። ከሐሙስ ጀምራ ያጠራቀመችውን።

«የፈቲያ አባት፣ የመጀመሪያውን ስትሠራ መርገጫው የት ነበር? ጉልበቴ ላይ። ዝቅ አድርገው ያለህ ማነው? አሁንም ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያለ ያስፈረሰህ ማነው? ያንተ እግር ከመሆኑ በፊት የኔ ወገብ ነበር። ለሰውየው ስትሸጥለት ወገቤንም ጨምረህ ሽጥለት።»

መብራት ጠፋ፣ አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ምሽት

የአቶ ተካ ወረቀት በፈቲያ ስልክ መጣ። አነበበችልኝ። አንድ ቦታ፣ ይህን ዕቃ ያለ ማንም እርዳታ ብቻዬን ሠራሁት ይላል። ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት አልኩ።

የገደለኝ ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ዕቃ ከዛሬ በፊት ገበያ ላይ አልታየም፣ በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም፣ አዲስ ነው።

ደውዪለት አልኩ። አቶ ተካ፣ ይህ ምንድነው? ሕጉ ነው አባባ ሽኩር አለኝ፤ አደባባይ የወጣ ነገር አይመዘገብም። ወጥቷላ አልኩ። የሚመረምረው ሰው አ.አ. ነው ያለው፣ ቡታጅራ መጥቶ ማንን ይጠይቃል አለኝ።

ተመልከት እንግዲህ። ስሜን እንዲጽፉልኝ፣ ማንም አያውቀኝም ብዬ አውራ ጣቴን ላስቀምጥ ነው። የመስቃን ሴት የተቀመጠችበትን፣ ከቡኢ ድረስ መጥተው የሚጭኑትን ዕቃ፣ ሰው አላየውም ልል ነው። ውሸቱ ኃጢአት ነው፤ እሱን ለአላህ ትቻለሁ። ስድቡን ግን የተሰደበው እኔ ነኝ።

ከሰዓት መብራት መጣ። በሙደሲር ቀዳዳ አንድ እግር ሠራሁ። ዘይነባ ተቀመጠችበት፣ ችንካሩን ነቅላ ሰካች። ምንም አላለችም። ይሄኛው ዝምታ ደህና ነው።

ኅዳር 12፣ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

አቶ ተካ የጣት ቀለሙን ይዞ መጣ። ወንበሩን በሳሙና አሳጥቤ ጠበቅኩት። ጣቴን ኪሴ ከተትኩ።

አልፈርምም አልኩ። ዋጋ ጨመረ። ዋጋው አይደለም አልኩ። ከዚህ በኋላ የተባባልነውን እንዳለ ጻፊ።

«ታዲያ በነፃ ሊያድሉት ነው?»

«ብረቱን? ብረቱን ከፍለህ ነው የምትወስደው።»

«ሐሳቡን ማለቴ ነው።»

«ሐሳቡማ ከቤት ከወጣ ቆየ። እንዴት አድርጌ ልሰብስበው፣ ዶሮ ነው?»

«የቆሼው ልጅ በርስዎ ሥራ ቤት ሠራ እኮ።»

«ይሥራ። ሥራዬ ባይረባ ኖሮ የዶሮ ቆጥም አይሠራበትም ነበር።»

አንተም አምርተው አልኩት። ፋብሪካህ እንደ ቆርኪ ያፍስሰው። ግን ማን እንደጀመረው ተናገር፣ ያሻሻልከውን አትደብቅ፣ የሚበይደውን ሰው አትክሰስ። ሳቀብኝ። ፋብሪካ በሩን ከፍቶ አይሠራም አለ። በርህን መች አልኩህ፣ አጥርህን ወደ ጀፎረው አትግፋ ነው ያልኩህ።

ይቺ ገባችው። ሻዩን አስቀመጠ። አባቴ በአጥር ነገር ሸንጎ ቆሞ ነበር አለ፣ ቀስ ብሎ። ተፈረደበት? አልኩ። ነቅሎ መለሰው አለ። ሻዩን ጨረሰ፣ ላስብበት ብሎ ተነሳ። ያስብ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አ.አ. የከረመ ሰው ነው።

ገንዘቡ ይቆጭሃል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አዎ። ጣሪያው ያፈሳል። ቢሆንም ምሳ ጣፈጠኝ፣ ከምሳ በኋላም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት

የቆረጥኩት ነገር ይህ ነው። በሚመጣው አርብ በያጆቹን እጠራለሁ። የቡታጅራዎቹን፣ ሙደሲርን። ወልቂጤም አንድ አለ፤ ብየዳው ያስጠላል፣ እሱም ይምጣና ይማር። ፈቲያ ንድፉን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ሱቄ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ለጠየቀ ሁሉ በስልክ ትልካለች። ከላዩ የሚጻፈው አጭር ነው፤ ወስደህ ሥራ፣ ያሻሻልከውን አምጥተህ አሳየን።

ለሙደሲር ደወልኩለት። አይከሱህም አልኩት። ዱዓ አወረደብኝ። ዱዓው ይቆየኝና ቀዩን ቀለም ተው አልኩት። አይሆንም አለ፤ ሴቶቹ ወደውታል። ፈቲያ ደግሞ በዚያ ውል ቀለም መከልከል አትችልም ትለኛለች። ነፃ ማለት እንዲህ ከሆነ ከባድ ነገር ነው።

አሁን ስሞቹን እያስጻፍኩ ነው። የጀመረው ሽኩር። መርገጫውን ያወረደችው ዘይነባ። ቁመቱን ያገኙት የማረቆ ሴቶችና ሙደሲር። ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ተዪ ብያታለሁ፤ ሰው ገና ይመጣል።

ዘይነባ ከኋላችን ቆማ ታያለች። እንደኔው ማንበብ አትችልም፤ ትልቅና ትንሽ ግን ትለያለች። ፊደሉ ለሁሉም እኩል ይሁን አለች። እሺ አልኩ። እኩል ይሁን። ውል ውል ነው። ፈቲያ፣ እናትሽ ወደ ጓዳ ዞር ስትል የኔን ብቻ ትንሽ ወፈር አድርጊልኝ።