ሳይታገል እጁን የሰጠው ዓሣ

ውድ አባዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ድንገት ብትመልስልኝ ከሰፈራችን ከስኔልቪል እስከ ሎረንስቪል ከተማ ሳልቆም ነው የምሮጠው። ከተለያየን ዓመት ከአምስት ቀን ሆነን። ፍልሰታም ትናንት ተፈታ። ፊደሌን አትታዘበኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዲቪ ሲደርሰን ያቋረጥኩት አማርኛ እዚያው እንደቆመ ነው። ኮሌጁንም ድሮፕ አድርጌ ትቼዋለሁ፣ ታከር ከተማ ጎማ ቤት ሥራ ገብቻለሁ። በል አሁን ተቆጣ።

ቤቱ ያው ነው፤ ዝም ማለቱ ብቻ። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ስተውልህ "ይሄ ቀጭኔ ዛሬም ነድቷል!" እያልክ ትጮህ አልነበር? አሁን እንደተገፋ ይከርማል፣ ማንም አይጮህም። ባለፈው ሳምንት የእማዬን አንድ እግር ጫማ ደበቅኩባት። ፈልጋ ስታጣው ሌላ ጫማ አድርጋ ወጣች። ዘወር ብላም አላየችኝ። የሚናደድ ሰው ከሌለ ተንኮል እንዲህ ብቸኛ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፣ አባዬ።

አሁን ወደ ዓሣው ልግባ፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ታስታውሳለህ፣ እህቴ ቤዛ ለልደትህ ብላ የዓሣ ማጥመድ ጉዞውን ቡክ ስታደርግ ያየችው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነበር። ሁለተኛው የፍልሰታ ቀን ላይ ጣለችን። ካንስል እንዳናደርገው ሪፈንድ የለውም፣ ብሩ አይመለስም። አንተም "ፆም የሚሽረው መብላት እንጂ ማጥመድ አይደለም" ብለህ ፈረድክ። ስድስት ሰዓት ነድተን አላባማ ባሕር ዳርቻ ደረስን፣ በማግስቱ በጀልባ ወጣን። መሬት ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ያ የጋዝ ማውጫ ፕላትፎርም ባሕሩ መሀል በብረት እግሮቹ ቆሞ ብቅ አለ። ዓሣ እግሮቹ ሥር ይሰበሰባል ተብሎ ጀልባው አጠገቡ ቆመ። አንተ ደግሞ ዳውንታውን አትላንታ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ ስትሠራ የኖርክ ሰው፣ ቀና ብለህ አየኸውና "ይሄ እኮ ፓርኪንግ ነው፤ መግቢያውን ነው የረሱት" አልክ። እማዬ በሻርቧ አፏን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ማዕበሉ ሆድህን ገለበጠው። በፆም በባዶ ሆድህ ምን እንደምትተፋ እንጃ፣ ባልዲ ታቅፈህ ወደ ጀልባው ጫፍ ሄድክ። አጠገቤ ያጠምድ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሁለት ቀያይ ዓሣ አውጥቶ ነበር። አንዱን ለመንኩት፣ ሰጠኝ። ያንተ መንጠቆ ላይ ሰክቼ ቀስ አድርጌ ወደ ባሕሩ መለስኩት። ከዚያ "አባዬ! ተያዘልህ!" ብዬ ጮህኩ።

አዎ። እኔ ነኝ።

አፍህን እየጠረግክ መጣህ። ገመዱን ስትጠመጥም የአንገትህ ሥሮች ተገታተሩ። ዓሣው ከሞተ ቆይቷል፤ አንተ ግን "አያችሁ፣ ሳይታገል እጁን ሰጠ! ሰው ያውቃል!" ብለህ አማተብክ። ሽማግሌው ጠቀሰኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ባልዲህን ልጠብ ብዬ ሮጥኩ። ባልዲህን አጥቤ የማላውቅ ልጅ! እንኳንም አልጠረጠርክ።

ቤት ስንገባ ራስህ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛኸው። "ፆሙ ሲፈታ እንበላዋለን፤ ማንም እንዳይነካው!" ከዚያ በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስታወራው ዓሣው ያድግ ጀመር። መጀመሪያ ክንድህን አሳየሃቸው። በሳምንቱ ሁለት እጅህን ዘረጋህ። እኔም ከጎንህ ቆሜ "እንዲያውም ይበልጣል" እል ነበር። ሐሳቤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስትውጥ ልነግርህ ነበር።

ፆሙ ሊፈታ አራት ቀን ሲቀረው ሥራ ላይ ልብህ ቀጥ አለ። ቀልዱ እኔ ጋ ቀረ።

ለማን ይነገራል? ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓሣው ነበር። እማዬ ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር በመዳፏ ነካ ታደርገውና ትዘጋለች። ቤዛ አንዴ "ይሄን ያህል የቆየ ዓሣ አይበላም፣ እንጣለው" ብትላት፣ "የአባትሽን ድካም ነው የምትጥዪው?" አለቻት። ብናገር ካንተ የቀራትን ልነጥቃት ነው። ዝም ብል ደግሞ ውሸቴን በሚጥሚጣ ልትበላው ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ ዞርኩ።

ትናንት ጠዋት፣ ፆሙ ሲፈታ ይበላል እንዳልከው፣ አወጣችው። በረዶው ሲቀልጥ አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት። ሽማግሌውን፣ መንጠቆውን፣ ሁሉንም። እጇ ቆመ። ልታለቅስ መስሎኝ ፎጣ አነሳሁ።

"ስቦ ያወጣው ማነው?" አለች።

"አባዬ።"

"ታዲያ የሱ ነዋ።"

ቢላዋውን አነሳች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በኋላም "ሳይታገል እጁን ሰጠ!" አለች፣ ቁርጥ ያንተን ድምፅ አስመስላ። ሳቀች፣ አባዬ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ። ወዲያው በእርጥብ እጇ ማጅራቴ ላይ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝና "ጫማዬንም አምጣ፣ አንተ ሌባ!" አለችኝ።

ጠብሰን በላነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሦስታችንም ግን ደግመን ጎረስን። ዛሬ ፍሪዘሩን ስከፍት ግን ቦታው ባዶ ነው፤ በረዶው ላይ ተኝቶበት የነበረው ስፍራ ጎድጎድ ብሏል። መዳፌን አሳረፍኩበት። ሰው ሳያየኝ ዘጋሁት።

ቃል የምገባልህ ይቺን ነው። ስለ አባቴ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ባሕር መሀል ዓሣ ስቦ አወጣ እለዋለሁ። ምን ያህላል ካለኝ እጄን እዘረጋለሁ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያሰፋሁ፣ ክንዴ እስኪያልቅ። የክንዴን ርዝመት ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ቀጭኔህ