ሸዋወርቅን ሁለተኛ ሳጥን አላስገባም

ጥቅምት 12 ቀን 2006

በረዶ ጣለ። ደጁን ጠረግኩ። መርዕድ “አባዬ፣ አካፋውን ተወው፣ እኔ እመጣለሁ” ብሎ ነበር። መቼ ሊመጣ? የዘይቱ ኩባንያ መች ይለቀዋል። ዘንድሮ እዚህ ካልጋሪ ሥራው ጎርፍ ነው።

ጠዋት ሸዋወርቅ ቃሉን አነበበችልኝ። ቤዝመንት ካለው ኮምፒውተር ነው ድምጿ ኪችን ድረስ የሚመጣው። ልጇ ሰርቨር ይለዋል። ሳትታመም በፊት ነው የቀዳችው። “አንተ አንብበህ እስክትጨርስማ ጌታ ራሱ ይመጣል!” ብላ። እኔ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው የተማርኩት። ግን አነባለሁ... ቀስ እላለሁ እንጂ።

ጥቅምት 17

መርዕድ መጣ። አሮጌው ኮምፒውተር ሊሞት ነው አለ። አዲስ ይዞ መጥቷል።

“የእማዬ ማጫወቻ የድሮ ነው አባዬ። የሚደገፍባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞችም የድሮ ናቸው። እዚህ ከአዲሶቹ ጋር ባንድ ላይ ከጫንኳቸው ይጣላሉ። ከነደጋፊዎቹ ለብቻው ኮንቴይነር ውስጥ ልክተተው።”

“ኮንቴይነር ምንድነው?”

“ያው ሳጥን በለው።”

ሳጥን!

“እናትህን አንዴ ሳጥን አስገብተናታል። ሁለተኛ አላስገባም!”

“ሶፍትዌር ነው እኮ...”

“ይሄ ባንድ ትሪ የሚበላ ቤት ነው። ሁሉም እዚያው ማሽኑ ላይ ይሁን።”

እንዳልኩት ጫነው። ሠራ። አላልኩህም? አልኩት። አሮጌውን ይዞት ሄደ፣ ሊጥለው።

ኅዳር 3

ጸጥ አለ። ኪችን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ኅዳር 4

መርዕድን ኮል አደረግኩት። ማሽኑ ራሱን አድሶ የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ገፍቶ አስወጥቷቸዋል አለኝ። ድምጿ አልጠፋም፣ የሚከፍተው ነው የጠፋው።

“ያለ ሳጥኑ አይሆንም አባዬ።”

“እንግዲያው ይቅር!”

ዘጋሁበት። ለምን ዘጋሁበት?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቸርች ዮሃንስ አደረሰኝ። አስመራ ነው ያደገው፣ አማርኛ ግን ከኔ በላይ ያነባል። ነገሩን ነገርኩት፣ ሳቀብኝ።

“በሕይወቷ ከሷ ጋር ስትከራከር ኖርክ። አሁን ደግሞ ከኮምፒውተሯ ጋር ገጠምክ?”

ዋይትሆርን፣ ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ መኪናውን አቆመና፣ “ባዘዘው፣ ከተቀበረች ወዲህ መቃብሯ ሄደህ ታውቃለህ?” አለኝ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። መርዕድ ይሄዳል፣ አበባ ይወስዳል። እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?

ኅዳር 11

ራሴ ላነብ ሞከርኩ። ከአራተኛው መስመር አላለፍኩም። መነጽሩ ነው... መነጽሩ አይደለም።

ኅዳር 14

“መርዕድ፣ ናና አስገባት” አልኩት።

“የት?”

“ሳጥኑ ውስጥ።”

“እሺ አባዬ።”

ከሥራ በቀጥታ መጣ፣ ባጁ አንገቱ ላይ። ቤዝመንት አብሬው አልወረድኩም። ያኔም ሳጥኗን ሲዘጉት ፊቴን አዙሬ ነበር።

ከዚያ ኪችን ውስጥ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። “ባዘዘው፣ ሻዩን ተወውና ስማ።”

ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቱ ናት ለካ። የኔ ብቻ መስላኝ ነበር።

“እዚያ ውስጥ ምንም አይነካትም አባዬ። ውጪው ቢለዋወጥም እሷ እንደነበረች ናት።”

እንደነበረች... አዎ። ሳትጨርሰው ካቆመችበት ወዲያ አንድ ቃል አትጨምርም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

መርዕድን ከቸርች ስንወጣ “ውሰደኝ” አልኩት። የት ብሎ አልጠየቀኝም።

ድንጋዩን በረዶ ሸፍኖታል። በእጄ ጠረግኩት። ስሟን አነበብኩ፣ እሱ አላስቸገረኝም። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣሁና እሷ ካቆመችበት ቀጠልኩላት።

ተንተባተብኩ።

ማንም አልሳቀብኝም።