በወይዘሮ ጠጅቱ ምትክ በር እንዳንኳኳ ስለመጠየቄ

ለተከበሩ የጤና መድን ማስፋፊያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ነው? የእርስዎ ጤና ለእኛ ከሁሉ ይቀድማል፤ የእኛንማ እርስዎ ይዘውልናል።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። በአዲሱ ማሻሻያ የመድኑ ሽፋን ስለሚሰፋ፣ መዋጮውም አብሮት ስለሚጨምር፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጎረቤቶቼን እንዳስመዘግብ ስለመረጡኝ ከወንበሬ ተነሥቼ አመሰግናለሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ ይህን ሥራ ከእኔ በፊት ይሠሩ ስለነበሩት ስለ ወይዘሮ ጠጅቱ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ልደታ ማርያም አጠገብ ቅመማ ቅመም የሚቸረችሩ ጎረቤቴ ናቸው። መድኑ የተጀመረ ሰሞን ሱቃቸውን እየዘጉ በየቤቱ ገቡ። «መታመም አይቀርም፤ ለመታከሚያ መለመን ግን ይቀራል» እያሉ ሰፈሩን ሁሉ አሳመኑ። ዕድራችንም ምክራቸውን ሰምቶ ለታመመ አባል ያዋጣ የነበረውን የሕክምና መዋጮ አስቀረ።

አንደኛው ምስጋናዬ ለጤና ጣቢያችን መድኃኒት ቤት ነው። ወይዘሮ ጠጅቱ የደም ግፊት አለባቸው። ክኒናቸው ሲያልቅ «የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ተባሉ። ተመለሱ፤ አሁንም የለም። ለጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ ጻፍኩላቸው፤ ዝምታዎ ደረሰን። ከውጭ እንዲገዙ ብለምናቸው፣ «የመድን ካርድ ይዤ ከግል ፋርማሲ ስገዛ ያስመዘገብኳቸው ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይላሉ?» ብለው ተቆጡኝ፤ ሳይገዙም ቀሩ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ቃል ከእርስዎ ይልቅ ያመኑ ሴት ናቸው።

ሁለተኛ፣ አንድ ጠዋት ሜክሲኮ ታክሲ ሲጠብቁ ወደቁ። ልጃቸው ሴና ስትደርስ አፋቸው ተጣሞ፣ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። የተወሰዱበት ሆስፒታል ካርዳቸውን በአክብሮት ከተመለከተ በኋላ፣ የጭንቅላት ራጅ መሣሪያው ስለተበላሸ ውጭ ከፍለው እንዲነሡ ላካቸው። ያው ዕድራችን ደጅ ለደጅ ዞሮ ለመነላቸው። ሕይወታቸው ተርፏል። ሱቁ ግን ተዘግቷል፤ ዛሬ የምታጎርሳቸው ሴና ናት።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

ስለዚህ ግብዣዎን በታላቅ ትሕትና አልቀበልም። መድኑን ጠልቼ አይደለም፤ ድሀ ያለ መድን ምን እንደሚሆን አይቻለሁና መዋጮዬን ከነጭማሪው ከፍያለሁ። ነገር ግን በር ሳንኳኳ «መድኃኒቱስ አለ?» መባሌ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ እንደ ወይዘሮ ጠጅቱ አምኜ «አለ» ማለት አልችልም። መደርደሪያው ላይ የተገኘ ዕለት ይላኩብኝ፤ ያለ አበል እዞራለሁ።

ሽፋንዎ እንደ ሰማይ እንዲሰፋ፣ እንደ ሰማይ ግን እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ መሆን ያቃተው አክባሪዎ
በሱፍቃድ ጂራታ
ከልደታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ጠጅቱ ይህን እንደምጽፍ ሰምተው፣ በሚጎተት አንደበታቸው «አደራ በሱፌ፣ ሰውየውን አታስቀይማቸው፤ እስካሁን ዝም ያሉት ቢያማቸው ነው» ብለውኛል። እውነት አሞዎት ከሆነ አይሸማቀቁ፤ ካርድዎን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያችን ይምጡ። ተራ እንይዝልዎታለን።