በእህቴ በር ሠላሳ አራት ጊዜ ስለ ማለፌ

ለተከበሩ የከተማዋ የትራፊክ ምልክቶችና የእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ጉልበትዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ይረዱታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ እኔ የተጻፈ ነገር አነባለሁ፤ ካነበብኩ በኋላም የተጻፈውን አደርጋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር መመሪያውን ያላነበበ ተማሪ ጥያቄውን እንዳይነካ ስከለክል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ይህ ጠባይ በትልቅ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ የተረዳሁት በእናንተ ዘንድ በቆየሁባቸው ሦስት ቀናት ነው። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ በእኔ ዕድሜ አዲስ ነገር መማር በቀላሉ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

የመጣሁት ታላቅ እህቴን ለመጠየቅ ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቿ ታመው ደረጃ ከወረደች ዓመት አልፏታል፤ እኔና እርሷ ደግሞ ከተያየን ሰባት ዓመት ሆኖናል። አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው መንገዱን በሚያይ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ሦስት ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር ከከተማዎ አልፈለግሁም። ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፤ ለእንግዶች ያሳተማችሁት መመሪያ። ከመምጣቴ በፊት መኪና ልከራይ ወይስ አልከራይ የሚለው ጥያቄ አስጨንቆኝ ስለነበር መመሪያውን አስልኬ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገጽ ስድስት ላይ «ከተማችንን እንደ ልብ ለመጎብኘት መኪና መከራየት እጅግ ይመከራል» ይላል። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ «በከተማችን ውስጥ መኪና መንዳት ለእንግዶች አይመከርም» ይላል። ገጽ ሃያ ሰባት ላይ «ውሳኔው የእንግዳው ነው» ይላል። ግራ ቢገባኝ ለጽሕፈት ቤትዎ ጻፍኩ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቁጥርና ማኅተም ያለው መልስ መጣልኝ፤ ገጽ ሃያ ሰባትን እንድመለከት ይጠይቃል። የታረመውን መመሪያ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከአሥር ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፤ ግማሿ ለወረቀቱ ጥራት ናት።

በዚሁ መመሪያ መካከል ያለውን ካርታ ሳላነሣ ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ። እህቴ የምትኖርበት ሰፈር መገኘት በሚገባው ቦታ ላይ የእርስዎ ፎቶግራፍ ከመልካም ምኞት መግለጫዎ ጋር አርፏል። ፈገግታዎ ደስ የሚል ነው፤ መንገድ ግን አያሳይም።

ሁለተኛ፤ በገጽ ስድስት ተማምኜ መኪናውን ተከራየሁ። ከረባት ያሰረው የአከራይ ድርጅቱ ሠራተኛ ወዴት እንደምሄድ ጠይቆኝ አድራሻውን ስነግረው «አባባ፣ መኪና እያለ ሩቅ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በእናንተ ላይ አላስቆጥረውም።

ሦስተኛ፤ የእህቴ መንገድ። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ልክ ከእህቴ በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎን፣ «በዚህ መንገድ ላይ መቆም በፍጹም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ከነምሰሶው ተተክሏል። አነበብኩት፤ ስለዚህ አልቆምኩም። መንገዱ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ብቻ ያስኬዳል፤ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ አደባባይ፣ ከዚያ ከገበያው ጀርባ ያለው መጨናነቅ፣ ከዚያ ተመልሶ የእህቴ በር። አንዱ ዙር ሃያ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

ሌላ ቦታ አቁመህ በእግርህ አትሄድም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ከአደባባዩ አጠገብ ያለውን የእናንተን የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ደርሼ ነበር፤ «ቦታ የለም» ይላል። ውስጡን ብመለከት ከአንዲት ዣንጥላና ከሥሯ ከተቀመጡት ጥበቃ በስተቀር ምንም የለም። ጥበቃው «ግቡ እንጂ ጋሼ!» አሉኝ። ጽሑፉን ባሳያቸው «እሱማ ቦታው ሲሞላ መስቀል እየረሳሁ ስለተቸገርኩ አስቀድሜ ሰቅዬው ነው» ብለው በቅንነት አስረዱኝ። ጽሕፈት ቤትዎ የጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም ብሎ ማሰብ ለእርስዎ ስድብ መስሎ ስለተሰማኝ፣ ለክብርዎ ስል ሳልገባ ተመለስኩ።

እንግዲህ ከእህቴ ጋር የተነጋገርነው በዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ከበረንዳዋ ሆና «ማሙሽ፣ መጣህ?» አለችኝ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ለእርሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነኝ። «መጣሁ እትዬ!» ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው «ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችኝ፤ «ልመለስ ነው!» አልኳት። በሦስተኛው «ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!» በአራተኛው «ከስተሃል!» በአምስተኛው እኔ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያሰብኩበትን መልስ ይዤ ደረስኩና «አልከሳሁም፣ መኪናው ሰፍቶኝ ነው!» አልኳት።

ከስድስተኛው ዙር በኋላ ብቻችንን አልነበርንም። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ፤ አንዲት የሰፈሩ አትክልት ሻጭም በርጩማዋን ይዛ ወደ በረንዳው ሥር ተጠጋች። በስምንተኛው ዙር እህቴ የአክስታችንን ልጅ ጉዳይ አንሥታ «ባሏን ፈታችው እኮ!» አለችኝ፤ በዘጠነኛው «መልሳ አገባችው!» አለችኝ፤ ለምን እንደ ሆነ ሳልሰማ አለፍኩ። የሰፈሩ ሰው ግን ሰምቷል። በአሥረኛው ስመለስ ሁሉም እየሳቀ ነበር፤ አንዱ ጎረቤትማ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «አባባ፣ ትንሽ ቀስ ብለው ይንዱ እንጂ፣ ምርጡ አመለጠዎት!» ብሎ ቆጣ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ለምን ባሏን መልሳ እንዳገባች አትክልት ሻጭዋ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ጊዜ፣ በሁለተኛው ቀን ሃያ ጊዜ አለፍኩ፤ ማታ ማታ ከከተማው ዳር፣ መኪና ማቆም ይቻላል የሚል ጽሑፍ ባለበት ማደሪያ አደርኩ።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በሁለተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሬ ዘጠነኛዬን ስዞር አንድ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ፤ ያስቆመኝም በትክክል ከእህቴ በረንዳ ሥር፣ ከምልክቱ አጠገብ ነው። «አባባ፣ ዘጠኝ ጊዜ አልፈዋል፤ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። በሁለት ቀን ውስጥ በሕግ መሠረት የቆምኩት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ አጋጣሚው እንዳያመልጠኝ መንጃ ፈቃዴን ቀስ ብዬ ፈለግሁ። እህቴም ገብቷት ከላይ ሆና በአንድ ትንፋሽ ስለ ሕመሟ፣ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ትነግረኝ ጀመር። ፖሊሱ ፍተሻውን ሊጨርስ ሲል «የኋላውን ጎማ አላዩትም» ብዬ አስታወስኩት። አየው። «የፊቱንም ቢደግሙት» አልኩት። ደገመው። ቀና ብሎ እህቴን፣ ከዚያም እኔን ተመለከተና የመብራቶቹን ብርጭቆ አንድ በአንድ በመሐረቡ ይጠርግ ገባ። ሰባት ደቂቃ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ስላላችሁ አመሰግናለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤ ብላችሁ እንዳትቀጡት እለምናለሁ። ሲጨርስ ሰላምታ ሰጥቶኝ «ይሂዱ አባባ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለኝ፤ ሄድኩ።

አምስተኛ፤ ምልክቱ። በዚያ ፍተሻ መካከል ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከሱቋ ወጥታ «ጋሼ፣ እርሱን ብለው ነው ሁለት ቀን ሙሉ የሚዞሩት? እርሱ እኮ የኔ አደራ ነው!» አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሠራተኞቻችሁ መጋዘኑ ሞልቶባቸው፣ ቦታ እስኪገኝ ምልክቱ እርሷ ዘንድ እንዲቀመጥ አስረክበዋት ሄደዋል። ሱቋ ጠባብ ስለሆነች፣ ወድቆም ሰው እንዳይጎዳ፣ ደጇ ላይ ተከሉላት። የርክክቡንም ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፤ «አንድ ምልክት ከነምሰሶው» ይላል፤ የእናንተ ማኅተም አለበት። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሁሉም እዚያው ያቆማል። እርሷም የተኮሰችውን ኮት ታንጠለጥልበታለች። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ታዲያ ይህን ካወቅህ በኋላ ለምን አልቆምክም ይሉኛል። የተከበሩ ኃላፊ፣ ምልክቱ ላይ «አደራ ነው» ተብሎ አልተጻፈም። ከሰዓት በኋላ ኮት ተንጠልጥሎበት ጽሑፉ ተሸፍኖ ነበር፤ እኔ ግን ከኮቱ ሥር ያለውን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናውን መለስኩና ጉዳዩን ላስተካክል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ፣ ወደ መስኮት ቁጥር ስድስት ሄድኩ። መነጽር ያደረገችው ሠራተኛ ትልቅ መዝገብ ገልጣ በትሕትና እንዲህ አለችኝ፦ «በመዝገባችን ይህ ምልክት መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘን ውስጥ ያለን ምልክት ከመንገድ ላይ ማንሣት አንችልም።» ልብስ ሰፊዋ ልትመልስላችሁ ፈቃደኛ እንደሆነች ብነግራት፣ መረከብ የሚችለው ያስረከበው ሠራተኛ ብቻ እንደሆነና እርሱም ጡረታ እንደ ወጣ ነገረችኝ። የትም ይሁን፣ ለባልደረባዬ መልካም ጡረታ እመኛለሁ።

ከዚያ ተመልሼ፣ ከአከራዩ ድርጅት በር ተነሥቼ ሰው እየጠየቅሁ ወደ እህቴ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቤቷ ስደርስ «ያ መኪና የተከራየህበት ግቢ ከዚህ ይታየኛል እኮ፤ ምነው ብትጠይቀኝ?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ጠብቄ የምጠይቃት ብዙ ሌላ ነገር ስለነበረኝ ነው። ርቀቱ በመመሪያው ካርታ ላይ ሲለካ ከግራ ጆሮዎ እስከ ከረባትዎ ቋጠሮ ድረስ ብቻ ነው።

መስኮት ቁጥር ስድስት ዘንድ ሰልፍ ይዤ ጠዋቱ ስላለቀ፣ አውቶቡሴ እስኪነሣ የቀረኝ አርባ ደቂቃ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እጄን ያዘችና «ማሙሽ፣ እንዲህ ቁጭ ብለህ ስታየኝ የማወራው ጠፋኝ፤ እስቲ አንዴ ዞረህ ና» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ጉልበቷን እያሻሸች «ከሆስፒታል ስወጣ ግን አንተ ነህ የምታመጣኝ፤ ቃል ግባልኝ» አለች። ቃል ገባሁ።

ወደ ጥያቄዬ ደረስኩ። እህቴ በመጪው ሰኞ ሆስፒታል ትገባለች፤ ሐሙስ ትወጣለች። ሐኪሟ ከዐሥር እርምጃ በላይ እንዳትራመድ፣ አውቶቡስም እንዳትሳፈር በጽሑፍ አዟል። ይህንንም ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ደረጃውን ጎረቤቶቹ በወንበር ተሸክመው ሊያወጧት ተስማምተዋል። መኪና ካልተከራየሁ ከሆስፒታል አላወጣትም። ከተከራየሁ ደግሞ በሯ ላይ መቆም አልችልም፤ ከነታመመው ጉልበቷ አስቀምጫት ድልድዩን፣ አደባባዩንና ገበያውን ስንዞር እንኖራለን፤ አትክልት ሻጭዋም በርጩማዋን ታወጣለች። ጎረቤቶቹ «ዝም ብለህ ቁም» ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ግን ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ፣ በራሱ እጅ፣ የተጻፈው ልክ እንዳልሆነ እንዲጽፍልኝ ነው። ሁለት ቃል ይበቃኛል፦ ተከራይ፤ ቁም። ወይም ምልክቱን ያንሡልን፤ ልብስ ሰፊዋ ለኮቶቿ ሌላ መስቀያ እንደምታገኝ አረጋግጣልኛለች።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ፈገግታዎን ስላሳዩኝ፣ ከተማዎንም ሠላሳ አራት ጊዜ ስላስጎበኙኝ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ድልድይዎንና አደባባይዎን በቃሌ የማውቅ፣ የጻፉትን ሁሉ ከልብ የማምን፣

ታዛዥዎ፣
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

ማስታወሻ፦ በጽሑፍ ለመመለስ አምስት ሳምንት እንደሚያስፈልጋችሁ ከልምድ አውቃለሁና አቋራጭ መንገድ ላመላክትዎ። እህቴ እስከ እሑድ ማታ በረንዳዋ ላይ ናት። በመኪናዎ በሥሯ ሲያልፉ መልስዎን በመስኮት ጮኽ ብለው ቢነግሯት ትሰማለች፤ የታመመው ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። አንድ ዙር ካልበቃዎ ይድገሙት፤ ጎረቤቶቹም በጉጉት ይጠብቁዎታል። አደራዎን ግን እንዳይቆሙ፤ ምልክት አለ። ከሰኞ በፊት ይመልሱልኝ።